ዕብራይስጥ፣ የበርማ ቋንቋ እና «አንቱ»

በቅርስ ክፍላችን ዕብራይስጥን ከሌላ ቋንቋ ጋር እንድናነጻጽር የጥናት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። ሌሎች ቡድኖች ዐረብኛንና ሩሲያኛን ወሰዱ። እኛ የበርማን ቋንቋ መረጥን። ስንጀምር ከሁላችንም የራቀ ነገር መስሎን ነበር፤ ስንገባበት ግን ዕብራይስጥ ውስጥ የሌለ የአማርኛ ጠባይ እዚያ አገኘን። ስለዚህ ጽሑፋችን ስለ ሁለት ቋንቋዎች ቢሆንም አማርኛ ሦስተኛ ሆኖ ደጋግሞ ይገባበታል።

በርማ በሕንድ፣ በቻይናና በታይላንድ መካከል ያለች አገር ስትሆን፣ መንግሥቷ በ1989 ስሟን ምያንማር ብሎታል። ከእስራኤል ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኡ ኑ በ1955 ወደ እስራኤል መጡ፤ ከውጭ አገር ጠቅላይ ሚኒስትሮች እዚህ በመምጣት የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። ዳቪድ ቤን ጉርዮንም በ1961 መጨረሻ በርማን ጎብኝተዋል። በራንጉን ከተማ ከባግዳድ የሄዱ አይሁድ በ1890ዎቹ የሠሩት ምኩራብ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከሕንድ ሰሜን ምሥራቅ ወደ አገራችን የገቡት ብኔይ መናሼም የሚናገሯቸው ኩኪና ሚዞ የበርማ ቋንቋ ዘመዶች ናቸው።

ዕብራይስጥና አማርኛ ሁለቱም ሴማዊ ስለሆኑ ቤት፣ ዓይን፣ ልብ፣ ደም፣ ስም የሚሉት ቃላት እዚህም እዚያም ይታወቃሉ። የበርማ ቋንቋ ግን የቲቤትኛ ወገን ነው። ቤት በእነሱ «ኤይን» ነው። ይህን ቃል እስራኤላዊ ቢሰማው «የለም» ማለት ይመስለዋል። በዛሬው የቤት ዋጋ ብዙም አልተሳሳተም ብለን ስቀናል።

የቃል አሠራራቸውም ይለያያል። ዕብራይስጥ ሦስት ፊደል ይይዝና በመካከሉ ድምፅ እየለዋወጠ ቃል ያወጣል፤ ከታቭ (ጻፈ)፣ ሚኽታቭ (ደብዳቤ)፣ ክቶቬት (አድራሻ)፣ ክቱባ (የጋብቻ ውል)። የእኛ ክታብም ከዚሁ ሥር ነው። የበርማ ቃል ግን ውስጡ አይነካም፤ እንደ ድንጋይ ካብ አንዱ ከሌላው ጎን ይቀመጣል። «ሳ» ጽሑፍ ነው፤ «የ» መጻፍ ነው፤ «ሳየ» ጸሐፊ ይሆናል። «ሳ» ላይ ሕንፃ የሚለው ቃል ሲጨመር ፖስታ ቤት ይሆናል።

በዚያ ላይ ዜማ አለው። ከአፍንጫ የሚወጣው «ንጋ» ዝቅ ተብሎ ሲነገር «እኔ» ማለት ነው፤ ከፍ ተደርጎ ሲረዝም ዓሣ ወይም አምስት ይሆናል። በዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። አማርኛም ዜማ የለውም፤ «አለ» ጠብቆና ላልቶ ሁለት ነገር መሆኑ ግን ትንሽ ይቀርበዋል። ልዩነቱ እኛ ማጥበቁን አንጽፈውም፣ እነሱ ዜማውን ይጽፉታል።

ከሁሉ ያስደሰተን ፊደሉ ነው። ዕብራይስጥ 22 ፊደላት አሉት፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፣ ነጥቦቹም (ኒኩድ) ከጸሎት መጽሐፍና ከሕፃናት መጽሐፍ ውጭ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራሉ። ስለዚህ አዲስ ገቢ ወላጅ ጋዜጣ ሲይዝ ድምፁን በግምት ይሞላል። የበርማ ፊደል 33 ሲሆን እያንዳንዱ ብቻውን ሲቆም «አ» የሚል ድምፅ በውስጡ አለው፤ ድምፁን ለመለወጥ ከላይ ትንሽ ክብ፣ ከታች ጭረት ይጨመርበታል። ይህ የእኛው ለ፣ ሉ፣ ሊ ነው! ፊደሎቹ ክብ የሆኑትም ድሮ በዘንባባ ቅጠል ላይ በሹል ብረት ሲጻፍ ቀጥ ያለ መስመር ቅጠሉን ስለሚቀደው ነው ይባላል። ብራና ላይ የሚጽፉ አባቶች ይህ ችግር አልነበረባቸውም።

ዐረፍተ ነገሩን ደግሞ እንመልከት። በዕብራይስጥ «አኒ ኦኼል ኦሬዝ» ሲባል ግሱ መካከል ነው። በርማዊ ወንድ «ቸኖ ተሚን ሳዴ» ይላል፤ እኔ ሩዝ እበላለሁ። ግሱ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ነው። «አልበላም» ስንል ግሱን ከፊትም ከኋላም እንደምናጥረው ሁሉ፣ እነሱም «መሳቡ» ይላሉ፤ «ሳ» መብላት ሲሆን «መ» እና «ቡ» አጥሮቹ ናቸው። አማርኛ ሴማዊ ሆኖ ሳለ ግሱን ወደ መጨረሻ የወሰደው ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይ ከአገው ጋር አብሮ በመኖሩ እንደሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። የአያቶቻችን ቋረኛም አገው ነው። ስለዚህ ይህ ነገር ከበርማ የመጣ ሳይሆን ከራሳችን ሰፈር የተገኘ ነው።

አሁን ወደ ልባችን ጉዳይ እንምጣ። ዕብራይስጥ ለሕፃንም፣ ለሚኒስትርም፣ ለአያትም «አታ» ወይም «አት» ይላል። እዚህ አገር ይህ መቀራረብ እንጂ ንቀት አይደለም። አማርኛ ግን ለታላቅ «አንቱ» ወይም «እርስዎ» አለው። ዕብራይስጥ የቀደመው ልጅ «አታ»ን ይዞ ወደ አማርኛ ሲሻገር «አንተ» ብሎ ያወጣዋል፤ አያቱ የሚሰሙት ግን ድፍረት ነው። እሳቸው ይቀየማሉ፣ ልጁም የተቆጡበትን ምክንያት ሳያውቅ ዝም ይላል፤ ሌላ ጊዜ በዕብራይስጥ ብቻ ይመልሳል። አማርኛ ከቤት የሚወጣበት አንዱ በር ይህ ይመስለናል።

በርማዊ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይገጥመውም። «ኡ» አጎት፣ «ዶ» አክስት፣ «ኮ» ታላቅ ወንድም፣ «ማ» ታላቅ እህት ማለት ሲሆን ከስም በፊት ይገባሉ፤ እንደ ጋሼና እትዬ። የጠቅላይ ሚኒስትሩም ስም ኑ ብቻ ነበር። ሰው «አንተ» ከማለት ይልቅ አጎቴ ወይም መምህር ይላል። ከመነኩሴ ጋር ሲነጋገሩ ደግሞ «በሉ» የሚለው ግስ ሳይቀር ሌላ ነው፤ እኛም ለታላቅ «ሞቱ» ትተን «አረፉ» እንደምንለው። ከላይ ያየነው «ቸኖ» ራሱ በጥንት ትርጉሙ የንጉሥ አገልጋይ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ኦሪትን አስታወስን። ያዕቆብ ወደ ዔሳው ሲልክ፣ ይሁዳም በዮሴፍ ፊት ሲቆም፣ በዕብራይስጡ «አቭዴኻ» (አገልጋይህ) እና «አዶኒ» (ጌታዬ) እያሉ ነው። ታላቁን ሰው «አንተ» ትተው «ጌታዬ ይስማ» እንደ ማለት በሩቅ ሰው አነጋገር ያከብሩታል። አማርኛም «ይምጡ፣ ይቀመጡ» ሲል የሩቅ ሰዎችን ግስ ተውሶ ነው። ስለዚህ ዕብራይስጥ አክብሮትን ከመጀመሪያው አላጣውም፤ ዛሬም በፍርድ ቤት ለዳኛ «ክቮዶ» ሲባል፣ አንዳንድ ተማሪዎችም ረባቸውን በሩቅ ሰው ግስ ሲያናግሩ ይሰማል።

ከዚህ ገጽ ቀጥሎ ያለውን ገጽ ባዶ ትተነዋል። በየመንደራችሁ ለቄስ፣ ለአማት፣ ለታላቅ ወንድም የሚባለውን አነጋገር በአማርኛም ሆነ በትግርኛ እንድትጽፉልን እንለምናለን፤ መጻፍ የማይመቻችሁ ካላችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ እነሱ ይጻፉት።