ብቻሽን ሂጂ፣ ሰው ግን ይወቅሽ

ቦርሳው እንዲህ ከከበደ ከቤት ሳትወጪ ደከመሽ ማለት ነው። እስኪ አውጪው። ይሄ ሁሉ ልብስ ለማን ነው? ለአንድ ቀን መንገድ ሁለት ሊትር ውሃ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ነጠላ፣ ባርኔጣ፣ መታወቂያና ዝርዝር ብር ይበቃሻል። ሞዴስም ያዢ፤ ቀኑ ባይሆንም ያዢ። በሶውን ጨው አድርጊበት፤ ላብ የሚወስደውን ጨው ብስኩት አይመልስልሽም።

አዲስ ጫማ ደግሞ አይታሰብም። የገጠር ሰው በኮንጎ ጫማ ገበያ ውሎ የሚመለሰው እግሩና ጫማው ስለተለማመዱ ነው። አሮጌውን ሸራሽን አድርጊ። ተረከዝሽን መቆርቆር ሲጀምርሽ እዚያው ቁመሽ ፕላስተር ለጥፊ፤ ውሃ ከቋጠረ በኋላ መለጠፍ ለወግ ነው።

ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ድረስ በእግሬ ልሂድ ማለትሽን ወድጄልሻለሁ። ግን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንሽም። ዘጌ ይሻልሻል። ብዙ ሰው በእግር ሄዶ በጀልባ ለመመለስ ያስባል፤ አንቺ ገልብጪው። በጠዋት በጀልባ ሂጂና በእግርሽ ተመለሺ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነው ነፋሱ የሚነሣው። ደግሞም ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የሚያመልጠው ጀልባ የለውም። የየብሱ መንገድ ከ20 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ዕረፍቱን ጨምረሽ ሰባት ሰዓት ያህል ያዢለት። ስለዚህ 4 ሰዓት ሳያልፍ ከዘጌ ውጪ። ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ 10 ሰዓት ላይ ከተማው ገና ሩቅ ከሆነ ያገኘሽው መኪና ላይ ውጪ። ከማን ጋር ነው የምትፎካከሪው? ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም።

ዘጌ ላይ ሁሉንም ገዳም ልይ አትበይ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይተሽ ውጪ። ሴት ያስገባሉ፤ እንደ ክብራን ገብርኤል አይደለም። የወር አበባሽ ከመጣ ግን ልማዱን ታውቂዋለሽ፤ ከቅጽሩ ውጪ ጥላ ሥር ቡና እየጠጣሽ እግርሽን አሳርፊ። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነው፤ የአካባቢው ጻድቅ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ነው ይላሉ። ጫካው እስካሁን የቆየው በዚህ ልማድ ነው፣ ቡናውም ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ይበቅላል፣ አንቺም በጥላ ትሄጃለሽ። ይሄ ጥላ ያታልላል። አፋፍ ከምትባለው መንደር ወዲህ እርሻውና ፀሐዩ ይጠብቁሻል፤ ውሃሽን ሳትሞዪ እንዳትወጪ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ብቻሽን መሄድ ማለት ከሰው ተደብቆ መሄድ አይደለም። ኤርፎኑን እዚህ አስቀምጪው። ያገኘሽውን ሰው ሁሉ ሰላም በይ፤ “እንደምን ዋላችሁ” ብለሽ ቆም በይ። “የማን ልጅ ነሽ? ወዴት ነሽ? ምነው ብቻሽን?” ይሉሻል። ከተሜ ስለሆንሽ ጥያቄው ይሰለችሻል፤ አይሰልችሽ። ያቺ የጠየቀችሽ እናት ለቀጣዩ መንደር “አንዲት ልጅ መጥታለች” ትልልሻለች፣ አንቺም ሳታውቂው ዓይን ይከተልሽ ጀመር። ለእሷ እውነቱን ንገሪያት። ከኋላሽ እየተከተለ ለሚጠይቅሽ ጎረምሳ ግን “ወንድሜ ከፊት እየጠበቀኝ ነው” በይ፤ ይሄ ውሸት አይቆጠርብሽም። ካልተወሽ ወደ ቅርቡ ቤት ገብተሽ ውሃ ለምኚ። ቅዳሜን የመረጥኩልሽም ለዚህ ነው፤ ከባሕር ዳር የሚመለሰው ገበያተኛ ፊት ለፊት ስለሚገጥምሽ መንገዱ ሰው አያጣም። የጣናን ዳርቻ ዞሮ ካርታ የሠራው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን እንኳ በቅሎና አጃቢ ይዞ ነበር፤ የአንቺ አጃቢ መንገደኛው ነው።

ውሻ ከመጣብሽ አትሩጪ። ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ ያነሣሽ ምሰዪ፣ “ውሻ ያዙልኝ!” ብለሽ ተጣሪ። ከነከሰሽ በሳሙና እጠቢውና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ነገ አትበይ። እግሬ ጋለ ብለሽ ሐይቁ ዳር ውሃ ውስጥ እንዳትነክሪው፣ ቢልሃርዚያ አለ። ሲመሽ ደግሞ ደንገሉ አጠገብ አትገኚ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያኔ ነው፣ በእሱና በውሃው መካከል የቆመን ሰው አይምርም።

ወሩስ ብትዪኝ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። ክረምት ላይ መረሬው ጫማሽን ይዞ ይቀራል፤ ከመጋቢት በኋላ ሙቀቱ አይቻልም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ይሄ ለድርድር አይቀርብም። በ2015 መጨረሻ ውጊያው ከተጀመረ ወዲህ አማራ ክልላችን እንዴት እንዳለ አንቺም ታውቂዋለሽ። ዋዜማውን ለጀልባ ሠራተኞችና ከዘጌ ለሚመላለሱ ሾፌሮች ደውለሽ “ነገ መንገዱ እንዴት ነው?” በይ። ትንሽ እንኳ ቢያመነቱ ቀሪ፤ ዘጌ የትም አይሄድም። መንገድ ላይ ኬላ ካጋጠመሽ መታወቂያሽን በእጅሽ ያዢ፣ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ፤ ድልድይም ሆነ የታጠቀ ሰው ፎቶ አይነሣም።

ከዘጌ ስትነሺ ደውዪልኝ፣ 7 ሰዓት ላይ የደረስሽበትን መንደር ስም ንገሪኝ። 10 ሰዓት ላይ ድምፅሽን ካልሰማሁ ባጃጅ ይዤ ልፈልግሽ እወጣለሁ፤ ስለዚህ ስልክሽን ማታውኑ ቻርጅ አድርጊው።