የእሽቅድምድም መኪና በተሳቢ ውስጥ እንዴት ይታሰራል?

ስለ እሽቅድምድም መኪና ሲወራ በአብዛኞቻችን ሐሳብ ላይ የሚመጣው መኪናው በመወዳደሪያው ጎዳና ላይ እንደ ነፋስ ሲበር ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ መኪና ከአንዱ የውድድር ቦታ ወደ ሌላው የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በራሱ ጎማ እየተነዳ አይደለም። ሆዱ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው ስለሆነ ተራው መንገድ አይስማማውም፤ ሞተሩም ለውድድር እንጂ ለረጅም ጉዞ አልተሠራም። ስለዚህ በካሚዮን ላይ ተጭኖ ወይም በተሳቢ ውስጥ ገብቶ ይጓዛል። በውድድሩ ላይ የሚሆነውን ብዙ ሰው ያያል፤ በተዘጋው ተሳቢ ውስጥ የሚሆነውን ግን የሚያይ የለም። እኔም በዚህ ዓመት በፊዚክስ ትምህርታችን ስለ ጉልበትና ስለ እንቅስቃሴ የተማርነውን ከዚህ ጉዳይ ጋር አገናኝቼ ለመጽሔታችን አንባቢዎች ላስረዳ አስቤአለሁ።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1955 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ የመርሰዴስ ቤንዝ ፋብሪካ የእሽቅድምድም መኪናዎቹን የሚያመላልስበት አንድ ልዩ ካሚዮን ነበረው። ቀለሙ ሰማያዊ ሲሆን ሞተሩ 300 ኤስ ኤል ከሚባለው ፈጣን አውቶሞቢል ጋር አንድ ዐይነት ነበር። አንድ የእሽቅድምድም መኪና በጀርባው አዝሎ የሚሄደው ይህ ካሚዮን በሰዓት እስከ 170 ኪሎ ሜትር መሮጥ ይችል ነበር። ዛሬ ደግሞ በአሜሪካ አገር ናስካር በሚባለው ውድድር የሚካፈሉት ቡድኖች ረጅም ዝግ ተሳቢ አላቸው፤ ሁለት መኪናዎች በላይኛው ፎቅ ይቆማሉ፤ የታችኛው ክፍል ለመሣሪያና ለመለዋወጫ ዕቃ ይሆናል። የአጫጫኑ ዐይነት ቢለያይም ጥያቄው አንድ ነው። ይኸውም መኪናው በጉዞው ሁሉ ካሰሩት ቦታ ሳይነቃነቅ እንዲደርስ ምን ማድረግ ይገባል? የሚል ነው።

ቆሞ የሚሮጥ ጭነት

እንግሊዛዊው ሊቅ አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የገለጸው የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ ለዚህ ጉዳይ መሠረቱ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ማናቸውም ነገር ከውጭ የሚያስገድደው ጉልበት ካላገኘው በቀር የቆመው እንደ ቆመ ይኖራል፤ የሚሄደውም በዚያው ፍጥነት ቀጥ ብሎ መሄዱን አይተውም። እንግዲህ ተሳቢው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በውስጡ የቆመው መኪናም ለዓይን የቆመ ይምሰል እንጂ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነው። ነጂው ፍሬን ሲይዝ ፍሬኑ የሚይዘው የሳቢውንና የተሳቢውን ጎማዎች ነው። መኪናውን የሚያቆመው ሌላ ነገር ከሌለ እርሱ ወደፊት ጉዞውን ይቀጥላል።

በጆንያ የተሞላ እህል ቢሆን ከወለሉ ጋር ያለው ሰበቃ ጥቂት ይይዘው ነበር። መኪና ግን እንዲንከባለል ተብሎ የተሠራ ነው። በማርሽ ቢቆምና ፍሬኑ ቢያዝም የጎማው ሰበቃ ብቻውን በድንገተኛ አቋቋም ጊዜ አይበቃም፤ ብዙዎቹ የእሽቅድምድም መኪናዎች ደግሞ የእጅ ፍሬን እንኳ የላቸውም።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። ነጂው ፍሬኑን አጥብቆ በያዘ ጊዜ የተሳቢው ፍጥነት የሚቀንስበት ልክ ከመሬት ስበት ከ10 እጅ 8 እጅ ነው እንበል። መኪናው ሳይታሰር በአፍንጫውና በተሳቢው የፊት ግድግዳ መካከል 1 ሜትር ባዶ ቦታ ቢኖር በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ ደርሶ ግድግዳውን በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ይመታዋል። መኪናው ታስሮ ማሰሪያው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢላላ እንኳ ማሰሪያው ሲወጠር መኪናው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ተኩል በሚሆን ፍጥነት ይጎትተዋል። ይህ ትንሽ ፍጥነት ይመስላል፤ ነገር ግን 1,000 ኪሎ የሚመዝን ብረት በድንገት ሲመነጭቅ ማሰሪያውን ሊበጥስ ወይም መንጠቆውን ሊያጣምም ይችላል። ስለዚህ ያልተወጠረ ማሰሪያ እንደ ታሰረ አይቆጠርም።

ከላይ የጠቀስሁትን ልክ ከራሴ አላመጣሁትም። በአሜሪካ ሕግ ለንግድ የሚጓዝ የካሚዮን ጭነት ማሰሪያ ከስበት ወደፊት 0.8፣ ወደ ኋላ 0.5፣ ወደ ጎን ደግሞ 0.5 የሚሆነውን ጉልበት መቻል አለበት። የአውሮፓም የጭነት ማሰሪያ መለኪያ ለመንገድ ጉዞ እነዚሁኑ ቁጥሮች ይዟል። እንግዲህ 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ 800 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ወደፊት ይገፋል፤ በመጠምዘዣም ጊዜ እስከ 500 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ወደ ጎን ሊገፋ ይችላል ማለት ነው።

ማሰሪያውና ማእዘኑ

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ከፖሊስተር ክር የተሠመነና 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በብረት ማጥበቂያ የሚወጠር ቀበቶ ነው። ናይለን ሲጎተት በጣም ስለሚለጠጥ ፖሊስተር ይመረጣል። በእንደዚህ ያለ ቀበቶ ላይ ሁለት ልኮች አሉ፤ አንደኛው የሚበጠስበት ልክ ሲሆን ሁለተኛው የሥራ ልክ ነው። የሥራው ልክ ከሚበጠስበት ልክ አንድ ሦስተኛው ነው። ለምሳሌ በ4,500 ኪሎ የሚበጠሰው ቀበቶ የሚታመንበት ለ1,500 ኪሎ ብቻ ነው። ቀበቶ በፀሐይ፣ በዘይትና በስለታም ብረት እየተጎዳ ስለሚሄድ፣ በትልቁ ቁጥር መታመን አደገኛ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታሰሩት አራት ቀበቶዎች ናቸው። ሁለቱ ከመኪናው ኋላ ተነሥተው ወደ ኋላ በመውረድ በወለሉ ላይ ካለው የብረት ቀለበት ጋር ይያያዛሉ፤ ሁለቱም ከፊት ተነሥተው ወደፊት ይወርዳሉ። ፍሬን ሲያዝ መኪናውን ወደፊት እንዳይሄድ የሚይዙት የኋላዎቹ ናቸው።

ቀበቶው የሚወርድበት ማእዘን እጅግ አስፈላጊ ነገር ነው። በጂኦሜትሪ እንደ ተማርነው ሰያፍ የሆነ ጉልበት በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል አግድም ይይዛል፤ ሌላው ወደ ታች ይጫናል። 800 ኪሎ ያህሉን ግፊት ሁለቱ የኋላ ቀበቶዎች እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አግድም ጉልበት 400 ኪሎ ነው። ቀበቶው ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማእዘን 30 ዲግሪ ቢሆን በውስጡ ያለው ውጥረት 462 ኪሎ ይሆናል፤ 45 ዲግሪ ቢሆን 566 ኪሎ፣ 60 ዲግሪ ቢሆን ግን 800 ኪሎ ይሆናል። ቀበቶው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ቢወርድ ደግሞ መኪናውን ወደ ወለሉ ይጫነዋል እንጂ ወደፊት እንዳይሄድ በቀጥታ አይዘውም። በሌላ በኩል ፈጽሞ ቢጋደም መኪናው ሲዘል ወደ ታች የሚይዘው ያጣል። ስለዚህ 45 ዲግሪ ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ያለው ማእዘን ይመረጣል። ከዚህም ጋር የግራው ቀበቶ ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ተሻግሮ በመስቀል ቅርጽ ቢታሰር መኪናው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይረዳል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ይሁን እንጂ ድሮቹ እኩል ካልተወጠሩ አላበሩም። ከሁለቱ ቀበቶዎች አንዱ ጠብቆ ሌላው ቢላላ ሸክሙ ሁሉ በጠበቀው ላይ ይወድቃል። ቀበቶው የሚያያዝበትም ቦታ መመረጥ አለበት። ጠንካራው ቦታ ሻንሲው ወይም ለማሰሪያ ተብሎ የተበየደው ቀለበት ነው። ከመሪው ጋር በተያያዙት ቀጫጭን ዘንጎች ወይም በፍሬኑ ቱቦ አጠገብ ማሰር መኪናውን ማበላሸት ነው። የወለሉም ቀለበት በጣውላው ላይ ብቻ የተመታ ሳይሆን ከተሳቢው ብረት ጋር በብሎን የታሰረ መሆን ይገባዋል።

መኪናው በምን ላይ ይደገፍ?

መኪና ከሌላው ጭነት የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ይኸውም በሞላ ላይ መቀመጡ ነው። ይህን ለመረዳት እኔና ሁለት ጓደኞቼ በትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ አንዲት ትንሽ የእንጨት ጋሪ በጣውላ ላይ አቁመን በክር አሰርናት። መጀመሪያ ከጋሪዋ በታች ምንም ሳናደርግ ጣውላውን ከታች መታ መታ ስናደርገው ክሩ እንደ ተወጠረ ቆየ። ቀጥለን ከሥሯ ስፖንጅ አድርገን አሰርናትና እንደዚያው መታነው። ስፖንጁ በተጨመቀ ቁጥር ክሩ ይላላ ጀመር፤ ከጥቂት ምት በኋላም መንጠቆው ወልቆ ወደቀ።

በተሳቢ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ሻንሲው ከወለሉ ጋር ሲታሰርና ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ሞላው ይጨመቃል፤ በዚያች ቅጽበት ቀበቶው ይላላል፤ መንጠቆውም ሊወልቅ ይችላል። ለዚህ ሦስት ዘዴዎች አሉ።

1ኛ፤ ጎማዎቹን ማሰር ነው። ቀበቶው በጎማው ላይ ይጠመጠምና ከወለሉ ጋር ይወጠራል። የመኪናው አካል በሞላው ላይ እንደ ልማዱ ይወዛወዛል፤ ጎማው ግን ከወለሉ አይነሣም። ጎማው በአካሉ ለተሸፈነ መኪና ግን ይህ ዘዴ ያስቸግራል።

2ኛ፤ ሻንሲውን አስሮ ቀበቶውን አብዝቶ በመወጠር ሞላው አስቀድሞ በመጠኑ እንዲጨመቅ ማድረግ ነው። የእሽቅድምድም መኪና ሞላ ጠንካራና እንቅስቃሴው አጭር ስለሆነ ይህ ይሆንለታል።

3ኛ፤ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ከሻንሲው በታች ጠንካራ ድጋፍ ማስገባትና በዚያ ላይ አጥብቆ ማሰር ነው። ሸክሙ ከሞላው ላይ ስለሚነሣ መኪናው አይወዛወዝም፤ ቀበቶውም አይላላም። ነገር ግን ድጋፉ ቢንሸራተት ቀበቶዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይላላሉ። ስለዚህ ድጋፉ ከወለሉ ጋር በብሎን መያያዝ አለበት።

ከእነዚህ ከማናቸውም ጋር በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ማድረግ ይገባል። ታኮ የማሰሪያ ረዳት ነው እንጂ የማሰሪያ ምትክ አይደለም።

የሚዛን ነገር

መኪናው በደንብ ቢታሰርም የቆመበት ቦታ ካልተስተካከለ ጉዞው አደገኛ ይሆናል። በአውቶሞቢል የሚጎተት ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ100 እጅ ከ10 እስከ 15 እጅ የሚሆነው በሳቢው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት። ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ያህሉን በመንጠቆው ላይ ያሳርፋል ማለት ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ሳቢውንም ይዞት ከመንገድ ሊወጣ ይችላል።

እዚህ ላይ የማንሻ ሕግ ይሠራል። ከመንጠቆው እስከ ተሳቢው ጎማ 4 ሜትር ቢሆን፣ 1,000 ኪሎ የሚመዝነውን መኪና 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደፊት ብናስጠጋው በመንጠቆው ላይ 50 ኪሎ ይጨመራል። ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪናና ሞተሩ ከፊት የሆነ መኪና በአንድ ቦታ የማይቆሙት ስለዚህ ነው።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

አንዳንድ አንባቢ፣ በትምህርት ቤታችን የእሽቅድምድም መኪና ያለው ማን ነው? ይል ይሆናል። እኔ የማስበው ግን በየመንገዳችን ስለምናያቸው ጭነቶች ነው። ከጅቡቲ ወደብ መኪና ጭነው የሚመጡትን ካሚዮኖች የሚገዛቸው ሕግ ይኸው ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለው። በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ፍሬን ሳይያዝ እንኳ 70 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ወደፊት ይገፋል። ጭነቱ ቢፈታ የሚጎዳው ንብረቱ ብቻ አይደለም፤ ነጂው፣ ረዳቱ፣ ከፊት የሚሄደው አውቶቡስ፣ በመንገዱ ዳር የሚያልፈው እግረኛም አሉ። እነዚህ ሰዎች ማሰሪያውን አላዩትም፤ ሕይወታቸው ግን በእርሱ ላይ ነው።

የአሜሪካ ሕግ የካሚዮን ነጂ በመጀመሪያው 80 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቆሞ ጭነቱን እንዲመረምር ያዝዛል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የአገራችን ነጋዴዎች ትዝ አሉኝ። አባቶቻችን በቅሎ ሲጭኑ ግራና ቀኙን በሚዛን ያደርጉ ነበር፤ ጥቂት ከተጓዙም በኋላ ቆም ብለው የላላውን ጭነት እንደገና ያጠብቁ ነበር። የኒውተንን መጽሐፍ ባያነቡም፣ ጭነት በመንገድ ላይ እንደሚላላ በሥራ ያውቁት ነበር።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ነገ ከመካከላችን ነጂ፣ መካኒክ፣ መሐንዲስ ወይም የዕቃ ባለቤት የሚሆን ይኖራል። ማንም ቢሆን ጭነት አስጭኖ ከመንቀሳቀሱ በፊት ይህን ይጠይቅ፤ ወደፊት ቢገፋ ምን ይይዘዋል? ወደ ኋላስ? ወደ ጎንስ? ወደ ላይ ቢዘልስ? ከአራቱ ለአንዱ መልስ ከሌለው ጭነቱ ገና አልታሰረምና መንገድ አይጀምር።