ረጅሙን የማንጎ ዛፍ በሞተር መጋዝ ስለ መመልመልና ስለ ሠራተኛው ደኅንነት

በአሶሳ ዞን፤ በመንጌ ወረዳ፤ የማንጎ ዛፍ ከመኖሪያ ቤት የማይለይ ሀብት ነው። በጎጆው ደጅ ቆሞ ጥላ ይሰጣል፤ ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀምጠው ይመክራሉ፤ ሕፃናት ይጫወቱበታል፤ ፍሬው በሚደርስበትም ወራት ለቤተ ሰቡ ምግብና የገበያ ገንዘብ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከዘር የበቀለ ማንጎ ሳይመለመል ከተተወ ከ30 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። እንዲህ ያለው ዛፍ የሚያፈራው በቅርንጫፎቹ ጫፍ ስለ ሆነ ለቀማው አስቸጋሪ ነው፤ ከከፍታ ወድቆ የሚፈርጠውም ፍሬ ብዙ ነው።

በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ፤ በጉቶ ጊዳ ወረዳ፤ ነጩ የማንጎ ተባይ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ወዲህ ደግሞ የመመልመሉ ሥራ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ተባዩ ከወለጋ አልፎ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ተዛምቷል። እንስቲቱ ነጭ ቅርፊት ለብሳ በቅጠሉ ላይ ተጣብቃ ፈሳሹን ትመጣለች፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይደርቃል፤ በፍሬውም ላይ ነጠብጣብ ስለሚወጣ ዋጋው ይወርዳል። ቅርንጫፉ የተጠቀጠቀ ዛፍ ለተባዩ መጠለያ ነው፤ መድኀኒት ቢረጭም እስከ ጫፉ አይደርስም። ዛፉ አጥሮ መካከሉ ሲከፈት ግን ብርሃንና ነፋስ ይገባል፤ ተባዩ በጊዜ ይታያል፤ ርጭቱም ይደርሳል።

ረጅም ዛፍ በመጥረቢያ ለመመልመል ሰው ወደ ላይ መውጣት አለበት። አንድ አባወራ ከዛፍ ወድቆ ወገቡ ቢሰበር ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ እርሻው ጾም ያድራል፤ ቤተ ሰቡም ይቸገራል። በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ የሰንሰለት መጋዝ ያለው በሞተር የሚሠራ መመልመያ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው እግሩን ከመሬት ሳያነሣ ከራሱ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ ይቈርጣል። ይህን መኪና ይዞ ወደ ዛፍ ወይም ወደ መሰላል የወጣ ሰው ጥቅሙን አጥፍቶ አደጋውን እጥፍ አድርጎታል። ስለዚህ የመጀመሪያውና የማይጣሰው ደንብ፤ መኪናው በመሬት ላይ በቆመ ሰው እጅ ብቻ ይሠራል የሚለው ነው። ዘንጉ የማይደርስበትን ቅርንጫፍ ለጊዜው መተው ይገባል። ታችኛው ክፍል ተመልምሎ ሲስተካከል የቀረውን ልዩ የመውጫ ገመድና መታጠቂያ ያለው የሠለጠነ ሰው ይሠራዋል።

ስለ ወራቱ። የማንጎ አበባ የሚወጣው አድጎ በበሰለ የቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ዛፉ ፍሬው እንደ ተለቀመ ወዲያው ቢመለመል አዲሱ ቀምበጥ እስከ አበባው ወራት ይደርሳል፤ ቢዘገይ ግን የሚመጣው ዓመት ፍሬ ይቀንሳል። ዳሩ ግን ለቀማው ሲያልቅ ዝናቡ ስለሚቃረብ ሠራተኛው በችኮላ እንዳይሠራ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዝናብ በሚዘንብበት፤ ነጐድጓድ በሚሰማበት ወይም ነፋስ በሚበረታበት ሰዓት መኪናው አይነሣም፤ እርጥብ መሬትም እግርን ያንሸራትታል። በአንድ ዓመት ከዛፉ ቅርንጫፍ ከሲሶው በላይ ማንሣት አይገባም። ያረጀውንና ረጅሙን ዛፍ በሁለትና በሦስት ዓመት ቀስ በቀስ ማሳጠር ይሻላል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚከተለው ይፈጸማል።

1ኛ፤ ዛፉን ዞሮ መመልከት። የደረቀና ተሰብሮ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ፤ የንብ ቀፎ፤ የእባብ መጠለያ እንዳለ ይታያል። የሞተሩ ድምፅ ንብን ያስቈጣልና ቀፎ ያለበት ዛፍ ባለቤቱ ቀፎውን በማታ ሳያነሣ አይነካም።

2ኛ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦን መፈለግ። ረጅሙ ዘንግ ኤሌክትሪክን አይከላከልም፤ እርጥብ ቅርንጫፍም ያስተላልፋል። ከሽቦ እስከ መኪናውና እስከሚቈረጠው ቅርንጫፍ ድረስ ቢያንስ 15 ሜትር ርቀት ካልተገኘ ሥራው ይቆማል፤ ኀይሉ እንዲቋረጥም ለኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ይነገራል።

3ኛ፤ ሰውንና ከብትን ማራቅ። ከሠራተኛው ዙሪያ 15 ሜትር፤ ይኸውም 20 ያህል እርምጃ፤ በገመድ ወይም በእሾህ ይከለላል። ሕፃናት ፍሬ ለመልቀም ወደ ማንጎ ሥር መሮጥ ልማዳቸው ስለ ሆነ አንድ ሰው ጠባቂ ሆኖ ይቆማል።

4ኛ፤ ልብስ። የራስ ቁር፤ የዐይን መከላከያ መነጽር፤ የጆሮ መሸፈኛ፤ ጠንካራ ጓንትና ጫማ ያስፈልጋሉ። ጀለቢያና ነጠላ ሰንሰለት ስለሚይዛቸው ወይም ቅርንጫፍ ስለሚጠልፋቸው ለዚህ ሥራ አይለበሱም። የማንጎ ወተት ቆዳን የሚያቃጥልና የሚያሳክክ ስለ ሆነ እጅጌው ረጅም ይሁን፤ የነካው ቦታም ወዲያው በውሃና በሳሙና ይታጠብ።

5ኛ፤ መኪናውን መመርመር። ሰንሰለቱ የተሳለና በልኩ የተወጠረ ይሁን፤ የሰንሰለት ዘይትም ይኑረው። የነዳጅ መስጫው ምላጭ ሲለቀቅ ሰንሰለቱ ወዲያው የማይቆም ከሆነ መኪናው ሳይጠገን አይሠራበትም። ብዙዎቹ የቤንዚን ሞተሮች ዘይት ከቤንዚን ጋር ይቀላቀልላቸዋል፤ መጠኑም ከመኪናው መጽሐፍ ይታያል። 50 እጅ ቤንዚን ከ1 እጅ ዘይት የተባለ እንደ ሆነ በ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ነዳጅ አይሞላም፤ በአጠገቡም ሲጃራና እሳት አይኖርም፤ ሞተሩም የሚነሣው ነዳጁ ከተቀዳበት ስፍራ 3 ሜትር ያህል ተርቆ ነው።

ስለ አቈራረጡ። ሠራተኛው ማንገቻውን በትከሻው ያደርጋል፤ በሁለት እጁ አጥብቆ ይይዛል፤ እግሩንም ከፈት አድርጎ ይቆማል። በሚቈርጠው ቅርንጫፍ ሥር ከቶ አይቆምም። ዘንጉም ከአግድመት ከ60 ዲግሪ በላይ እንዳይቀና ይጠንቀቅ፤ ዘንጉ እጅግ ከቀና የሚወድቀው ቅርንጫፍ ከራሱ ላይ ይመጣበታል። ከመጀመሩ በፊት ቅርንጫፉ ሲወድቅ የሚሸሽበትን መንገድ ያዘጋጃል።

ከባድ ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ አይቈረጥም። አስቀድሞ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከሥሩ በኩል እስከ ውፍረቱ ሲሶ ይነካል፤ ቀጥሎም ከዚያ ጥቂት ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይቈረጣል። እንዲህ ሲደረግ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ አይገነጠልም። በመጨረሻ የቀረው ጉቶ ከግንዱ ጋር ከሚያያይዘው ያበጠ አንገት ወጣ ብሎ ይቈረጣል፤ አንገቱ ካልተጐዳ ቍስሉ ቶሎ ይሽራል። ከሥር በኩል ሲቈረጥ ሰንሰለቱ ዘንጉን ወደ ሠራተኛው ይገፋዋል፤ የመጋዙ ጫፍም ሌላ ቅርንጫፍ ቢነካ መኪናው በድንገት ይመለሳል። ስለዚህ ሠራተኛው ጫፉ የት እንዳለ ሳያይ አይቈርጥም። መጋዙ ቢነክስ አስቀድሞ ሞተሩ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ይላቀቃል።

መኪናው በጥቅሉ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ይመዝናል፤ ወደ ላይ ተዘርግቶ ሲያዝ ግን ክብደቱ ይበረታል። የደከመ ክንድ ዘንጉን መግዛት ስለማይችል ሠራተኛው እየተፈራረቀ ይረፍ። መጠጥ የቀመሰም ሰው መኪናውን አይንካ።

ሥራው ሲያልቅ የተቈረጠው ቅጠልና ቅርንጫፍ በዛፉ ሥር አይተው። ተባይ ያለበት ቅጠል ከቤትና ከሣር ርቆ ይቃጠል ወይም ይቀበር፤ ወደ ሌላ ቀበሌ አይወሰድ። የአሶሳ አካባቢ ምስጥ የሚበዛበት አገር ስለ ሆነ ወፍራሙም እንጨት ለማገዶ ቶሎ ይነሣ።

ለወረዳው የግብርና ሹማምንት የሚቀረው ተግባር ግልጽ ነው። መኪና ሲሰጥ የራስ ቁሩ፤ መነጽሩና ጓንቱ አብረው ካልተሰጡ ርክክቡ እንዳልተፈጸመ ይቈጠር። መኪናውን የሚይዙት በስም የተመዘገቡና የተማሩ ሰዎች ብቻ ይሁኑ፤ ማንም ብቻውን አይሥራ። ትምህርቱ ሕዝቡ በሚናገረው በበርታ ቋንቋ፤ በቃልና መኪናውን በማሳየት ይሰጥ፤ ስለ ተባዩም የአሶሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ይጠየቅ። የቈሰለ ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ፤ ቢብስም ወደ አሶሳ ሆስፒታል የሚደርስበት ተሽከርካሪ ሥራው ሳይጀመር ይታወቅ። የመመልመሉ ሥራ ሲመዘን ስንት ዛፍ አጠረ ተብሎ እንደሚጠየቅ ሁሉ፤ ሠራተኞቹ ሁሉ በደኅና ወደ ቤታቸው ገቡን ተብሎም ይጠየቅ።