ድክ ድክ ለሚል ሕፃን የጫማ አመራረጥ

የዛሬው ትምህርታችን የሚመለከተው ዳዴ ማለት ትተው ቆመው መሄድ የጀመሩትን፣ ወይም ሊጀምሩ የተቃረቡትን ሕፃናት ነው። እዚህ ካኩማ ገበያ ውስጥ ለሕፃን ጫማ የሚገዛ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲል ይሰማል፤ «ትንሽ ሰፋ ይበል፣ ሲያድግ ይሞላዋል።» ገንዘብ እንደልብ በማይገኝበት የስደት ኑሮ ይህ ብልህነት ይመስላል። ነገር ግን በስሌት ሲታይ ቁጠባ አይደለም፤ ከልጁ አረማመድ አንጻር ሲታይ ደግሞ ጉዳት ነው። አስተማሪ ነኝና ከስሌቱ ብጀምር አትፍረዱብኝ።

አንድ ዓመት አልፎት መራመድ የጀመረ ሕፃን የእግሩ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ለዚህ ልጅ ጫማው በውስጥ በኩል ሲለካ ከእግሩ በ1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊረዝም ይገባል። ይህ ትርፍ የአንዲት እናት የትንሿ ጣቷ ውፍረት ያህል ነው። ትርፉ የሚያስፈልገው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛ፣ እግር መሬት ሲረግጥ ይለጠጣል፤ ሁለተኛ፣ ልጁ በማደግ ላይ ነው። እንግዲህ ለዚህ ልጅ የሚበቃው ጫማ በውስጡ 13.2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ነው። በአውሮፓ የጫማ ቁጥር አቆጣጠር አንድ ቁጥር ማለት የ1 ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ 13.2ን በ1.5 ብናባዛ 19.8 ይመጣል፤ ማለትም ቁጥር 20 ይሆነዋል።

አሁን «ሲያድግ ይሞላዋል» ብለን ሁለት ቁጥር ጨምረን 22 ገዛን እንበል። ሁለቱ ቁጥር 1.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ከመጀመሪያው ትርፍ ጋር ሲደመር በጣቱ ፊት 2.5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ይህም የእግሩ አንድ አምስተኛ ነው። እግሩ 26 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ሰው ከጣቱ ፊት ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ባዶ የሆነ ጫማ አድርጎ በድንጋይና በአሸዋ ላይ ሲሄድ አስቡት። እኛ መሄድ የለመድነው እንኳ እንደናቀፋለን። ገና ሚዛኑን መጠበቅ የሚማር ልጅ እንዴት ይሁን? ሁለቱን እግሮቹን አራርቆ፣ ጉልበቱን እያነሣ፣ ጫማው እንዳይወልቅ በጣቶቹ ጨምድዶ እየያዘ ይሄዳል። ወይም ይቀመጥና ያወልቀዋል።

የገንዘቡስ ነገር? በዚህ ዕድሜ የሕፃን እግር በወር ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ስለዚህ ያቺ የተጨመረች 1.3 ሴንቲ ሜትር እስክትሞላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሦስት ወር ያህል ይወስዳል። በእኛ ሰፈር ጠጠር ላይ በየቀኑ የሚጎተት የሕፃን ጫማ እስከዚያ ድረስ ሶሉ አይተርፍም። ልክ ሆኖ የተገዛው ጫማ ግን ከአራት እስከ ስድስት ወር ያህል በትክክል ያገለግላል። ሰፊው ጫማ ልክ በሚሆንበት ቀን ያረጀ ነው፤ ገንዘቡ የወጣው ልጁ ላልተጠቀመባቸው ወራት ነው።

የጠበበው ጫማ ጉዳት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ልጁ አይናገርም። የሕፃን እግር ውስጥ ገና ወደ አጥንትነት ያልተለወጠ፣ ጆሯችንን ስንነካ እንደሚሰማን ያለ ለስላሳ ነገር ይበዛል፤ በላዩም ስብ አለው። በመሆኑም ጠባብ ጫማ ውስጥ ሲገባ ጣቶቹ ታጥፈው ይቀመጣሉ እንጂ እንደ እኛ «ወጋኝ፣ ጨመቀኝ» ብሎ አያለቅስም። ይህ በጫማ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ የጠበበ ካልሲም ጣቶችን ያጣብቃል፤ ይህን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

እንግዲህ ልጁም ካልተናገረ፣ በጫማው ላይ የተጻፈው ቁጥርም ካልታመነ በምን እንለካ? ቁጥሩ የማይታመነው ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ነው። ኬንያውያን ሚቱምባ የሚሉት፣ እኛ ሰልባጅ የምንለው ዕቃ ከየአገሩ ስለሚመጣ አንዱ በእንግሊዝ ቁጥር፣ ሌላው በአውሮፓ ቁጥር ነው፤ አንዳንዱም ቁጥሩ ጠፍቷል። የማይዋሸው ካርቶን ነው። ከማንኛውም ሱቅ የተጣለ ካርቶን ይውሰዱና ወለል ላይ ያንጥፉት። ልጁን በላዩ ያቁሙት፤ ተቀምጦ ወይም ተኝቶ መሆን የለበትም፤ ክብደቱ ሲያርፍበት እግሩ ይረዝማልና። አንድ ሰው ከብብቱ ደግፎ ይያዘው፣ ሌላው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ዙሪያውን ያስምር። ሁለቱንም እግር ይለኩ፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ይበልጣል፤ የሚገዛውም በሚበልጠው ነው። ሰዓቱ ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀን ሲሄድ የዋለ እግር ትንሽ ያብጣል።

ከዚያ ከረጅሙ ጣት ጫፍ 1.2 ሴንቲ ሜትር በማስመሪያ ጨምረው፣ የጎኑን ስፋት ሳይነኩ ካርቶኑን ይቁረጡ። ገበያ ሲሄዱ ልጁን በፀሐይ አዝለው መንከራተት ሳያስፈልግ ይህን ካርቶን ጫማው ውስጥ ያስገቡ። ሳይታጠፍና ሳይጨማደድ ወለሉን ሞልቶ ከተኛ ልኩ ነው። ከጎን የሚታጠፍ ከሆነ ጫማው ጠባብ ነው፤ ርዝመቱ ቢስማማም አይግዙት። ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ከሆነ ሰፊ ነው። በካርቶኑ ጀርባ ቀኑን ይጻፉበትና ያስቀምጡት። በየሁለት ወሩ እግሩን በዚያው ላይ ሲያቆሙ ከጣቱ ፊት የቀረው ቦታ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጫማው ጊዜው አልፏል።

ልኩ ከተገኘ በኋላ ዋናው ሶሉ ነው። ጫማውን በሁለት እጅዎ ይዘው ያጥፉት። ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ላይ በቀላሉ መታጠፍ አለበት። ፈጽሞ የማይታጠፍ ከሆነ ለልጁ እንጨት ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ከሆነም አይደግፈውም። ተረከዙ ዙሪያ ያለው ክፍል ሲጫኑት ቶሎ የማይተኛ ይሁን። ከላይ በማሰሪያ ወይም በማጣበቂያ የሚጠብቅ ሆኖ እግሩን ካልያዘ በቀር ልጁ በጣቱ መያዙን አይተውም። ነጠላ ጫማ፣ እዚህ ማላፓ የሚሉት፣ ለዚህ ዕድሜ የማይሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶም ለእኛ ምንም አይወጣለትም፤ ለሕፃን ግን ከባድና ደረቅ ነው። ለበዓል የሚገዛው የሚያብረቀርቅ ጫማና ሲረግጡት የሚጮኸው ጫማ ደግሞ አሉ። ልጁን ያስደስቱታል፣ እኔም አልቃወምም፤ ብዙዎቹ ግን ሶላቸው ደረቅ ስለሆነ የዕለት ጫማ ሊሆኑ አይገባም።

ሰልባጅ ወይም የታላቅ ወንድም ጫማ መጥፎ ነው የሚል ምክር ይሰማል። እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙ ያልተለበሰ፣ የሚታጠፍ የሰልባጅ ሸራ ጫማ አዲስ ከሆነ ደረቅ ፕላስቲክ ይሻላል። ነገር ግን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠው ከኋላ በኩል ይዩት። ተረከዙ ወደ አንድ ጎን የተበላ ከሆነ ልጅዎንም ወደዚያው ያዘነብለዋል። ውስጡን በጣትዎ ይዳብሱ፤ የሌላ ልጅ ጣት የቆፈረው ጉድጓድ ካለ ይተዉት። ደህና ከሆነ በሳሙና አጥበው፣ በደንብ አድርቀው ያልብሱት።

ወደ አየሩ እንምጣ። ካኩማ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅና ሞቃት ነው። ከቀትር በኋላ አሸዋው ውስጥ እግርን ያቃጥላል። ለዚህ ጊዜ የሚሻለው ከፊት ጣቱን የሚሸፍን፣ ከጎን አየር የሚያስገባ፣ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ሰንደል ወይም የሸራ ጫማ ነው። ኮንጎ ጫማ እንደምንለው ያለ ፕላስቲክ ላብ ያጠራቅማል፤ ላብ ያራሰው ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል፣ በጣቶቹም መካከል ይቆስላል። ፀሐይ ላይ የዋለ ጫማ፣ በተለይ ጥቁር ፕላስቲክና የብረት ዘለበት ያለው፣ ሳይነኩት ለልጅ አያልብሱ፤ በእጅዎ ጀርባ ይሞክሩት። የፕሮሶፒስ ዛፍ እሾህ ስስ ሶል ወግቶ እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ሶሉ የሚታጠፍ ይሁን ስንል ስስ ይሁን ማለታችን አይደለም። ጠዋት ጠዋት ጫማውን ገልብጦ ማራገፍም አይረሳ፤ ጊንጥ ጨለማና ጠባብ ቦታ ይወዳል።

ዝናብ ሲመጣ የታራች ደረቅ ወንዝ በሰዓታት ውስጥ ይሞላል፣ መንገዱም ጭቃ ይሆናል። ብዙ ወላጆች ያን ጊዜ የጎማ ቦት ይፈልጋሉ። ለትልልቆቹ ልጆች መልካም ነው፤ ድክ ድክ ለሚለው ግን ይከብደዋል፣ ቁርጭምጭሚቱንም እንዳያንቀሳቅስ ያደርገዋል። ሶሉ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ የማያንሸራትት ቀላል ጫማ ይበቃዋል። ጭቃው ሲበዛ ማዘል ይሻላል። የራሰውን ጫማ በከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ሙጫውን ያስለቅቀዋል፣ ፕላስቲኩንም ያደርቀዋል። ጋዜጣ ወይም ጨርቅ ውስጡ ጠቅጥቀው ጥላ ሥር ነፋስ ይምታው።

«ታዲያ ጫማ የሌለው ልጅ መሄድ አይማርም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይማራል። እንዲያውም በቤት ውስጥ፣ ተጠርጎ በጸዳ ወለል ወይም ሰሌን ላይ ባዶ እግሩን መሄዱ ጣቶቹን ያጠነክራል፣ ሚዛኑንም ያስተምረዋል። ቀድሞ ጫማ የለበሰ ልጅ ቀድሞ አይሄድም። ጫማ የሚያስፈልገው ከደጅ ለሚጠብቀው ነው፤ ለእሾህ፣ ለተሰበረ ጠርሙስ፣ ለሚያቃጥል አሸዋ፣ ለሙጀሌ። በሽንት ቤት አካባቢ ባለ እርጥብ አፈር ውስጥ ደግሞ በባዶ እግር ቆዳ በኩል የሚገባ የአንጀት ትል አለ፤ ደም መጥጦ ልጁን ደም ማነስ ላይ ይጥለዋል። ሚስማር ወይም እሾህ የወጋው ልጅ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያም የክትባት ካርዱን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ የሚገባው በእንዲህ ያለ ቁስል ነው።

አዲሱን ጫማ ባለበሱት በመጀመሪያው ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ያስሂዱትና አውልቀው እግሩን ይመልከቱ። ቀይ ምልክት ካለና ቶሎ ካልጠፋ አንድ ቦታ እየነካው ነው። ከመግዛትዎ በፊት ከነጋዴው ጋር «ካልሆነው እመልሳለሁ» ብለው መነጋገር ነውር የለውም።

በመጨረሻ፣ ስለ እግር ቅርጽ የሚጨነቁ ወላጆች አሉ። በዚህ ዕድሜ የሕፃን ውስጥ እግር ጠፍጣፋ መሆኑ ጤናማ ነው፤ መሐሉ ከፍ የሚለው ቀስ በቀስ ነው፣ ለብዙዎቹም እስከ ስድስት ዓመት ገደማ ይቆያል። ለዚህ ብሎ ልዩ ጫማ መግዛት አያስፈልግም። እግሩ ሲወለድ ጀምሮ ወደ ውስጥ የቆለመመ ልጅ ግን በተራ ጫማ አይቃናም፤ ሕክምናው ከተወለደ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ቢጀመር በጣም ይረዳዋል፣ ቢዘገይም ከመሄድ አይቅሩ። 18 ወር ሞልቶት ብቻውን ያልተራመደ፣ አንዱን እግሩን የሚያነክስ፣ ወይም ሲሄድ ቆይቶ መሄድ ያቆመ ልጅም ወደ ጤና ጣቢያ ይቅረብ። ሲሄዱ የሚለብሰውን ጫማ ይዘው ይሂዱ፤ ሶሉ በየት በኩል እንደተበላ ማየት ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።