የእናቲቱን ጀርባ እይ

ልጄ፣ በቦረና ቆላ ከብት ልታረባ መነሳትህ ደስ አሰኝቶኛል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ ጠፍቶ ስንት በረት ባዶ እንደቀረ አይተሃል። አሁን የምመክርህ ግን ስለዚያ ዓይነት መዓት አይደለም። ትንሹ ዝናብ ሀገያ አልቆ ትልቁ ዝናብ ጋና እስኪገባ ስለሚያጋጥመው፣ በየዓመቱ ስለሚመጣውና በየዓመቱ ስለምንንቀው እጥረት ነው።

1. ጥጃው እንዳያታልልህ። የምታጠባ ላም መኖ ሲጎድልባት ወተቷን ወዲያው አትከለክልም፤ መጀመሪያ ከስቧ፣ ቀጥሎ ከሥጋዋ እየነቀለች ለልጇ ታወርዳለች። ጥጃው ሲቦርቅ ታይና «ደህና ነን» ትላለህ። በየሳምንቱ እጅህን ጎድኗ ላይ አሳርፍ። ጫን ብለህ ካልዳበስክ ጎድኗ የማይቆጠር ከሆነ ገና አቅም አላት። ሳትጫን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለህ ከቆጠርክ፣ አከርካሪዋ እጅህን ከወጋህ፣ ከጅራቷ ሥር ግራና ቀኝ ከጎደጎደ ግን ዘግይተሃል።

2. ዕዳው የሚከፈለው በከርሞ ጥጃ ነው። የከሳች እናት ኮርማ አትፈልግም። ላም የምታረግዘው 283 ቀን ያህል ነው፤ በዓመቱ እንድትወልድልህ ከወለደች በ80 ቀን ገደማ መፅነስ አለባት። አንዲት ዳለቻ ላም ነበረችኝ። ሁለት ወር ስትከሳ እያየሁ የጥጃዋ ማማር አዘናጋኝ። ጥጃው አደገ፣ በጥሩ ዋጋም ተሸጠ፤ እሷ ግን ዓመቱን ሙሉ ኮርማ ሳትፈልግ ከረመች። ዛሬም ይቆጨኛል።

3. መንጋህን ክፈል። የነጠፉትንና ወይፈኖቹን ሩቅ ወደሚሰማራው መንጋ፣ ወደ ፎራ ስደድ፤ የሚያጠቡት ቤት አጠገብ ከሚቀረው መንጋ፣ ከወራው ጋር ቅርብ ይዋሉ። ሩቅ መንገድ ያለችውን ጥቂት ጉልበት ይበላታል። ለክፉ ቀን የምትከልለውን ግጦሽ፣ ካሎህን፣ ሣሩ ለምለም ሳለ በእሾህ እጠር፤ ሲርብህ የምታጥረው ካሎ ባዶ መሬት ነው። ከሁሉ በፊት የመጀመሪያ ልጇን የወለደችውን አስብ፤ እሷ ራሷ ገና እያደገች ነው።

4. ሦስት ወር ያለፈውና ሣር መቀንጠስ የጀመረው ጥጃ ቀኑን ሙሉ እናቱ ሥር አይዋል። ለምለም ሣር አጭደህ ስጠው፤ በቀን አንዴ ብቻ ይጥባ። እናቲቱን ከዚህ በላይ የሚያሳርፋት ነገር አላገኘሁም። ለቤትህ የምታልበውንም ቀንስ። ልጆችህ ወተት እንደሚፈልጉ አውቃለሁ፣ ምክሩ ከባድ ነው፤ ግን ከአንዲት የከሳች ላም ቤተሰብም ጥጃም አይጠግቡም።

5. ውኃ። የነጠፈችው በሦስተኛው ቀን ወደ ውኃ ጉድጓዱ፣ ወደ ኤላ ብትወርድ ትችላለች። የምታጠባዋን ግን ከተቻለህ በየቀኑ አጠጣት፤ ወተት አብዛኛው ውኃ ነው። ጨውም አትርሳ።

6. ደረቅ ሣር ሆድ ይሞላል እንጂ ገላ አይሠራም። በቀን አንድ ኪሎ ፋጉሎ ብታክልላት ያንኑ ደረቅ ሣር በደንብ ትፈጨዋለች። ይህን ገና ሳትከሳ ጀምር፤ የወደቀችን ላም ማንሳት ብዙ እጥፍ ያስወጣል።

7. ዝናቡ ሲመጣ አትቸኩል። አዲሱ ቡቃያ ያስቀምጣታል፣ እሱን ስታሳድድም ትደክማለች። ጠዋት ደረቅ ሣር አቅምሰህ አሰማራት።

ነገ በረቱ ሳይከፈት ግባ። የሚያጠቡትን አንድ በአንድ ዳብሳቸውና የስንቶቹን ጎድን ሳትጫን እንደቆጠርክ ላክልኝ።