የበረዶ ላይ ዝላይ ኮረብታ

በቦሌና በኮተቤ በኩል ያለን ሰዎች አውሮፕላን ሲያርፍ ብዙ ጊዜ እናያለን። አውሮፕላን እንደ ድንጋይ ከሰማይ ዱብ አይልም። ከሩቅ ጀምሮ በ3 ዲግሪ ያህል አዘቅዝቆ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዲግሪ የተዳፋት መለኪያ ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ 90 ዲግሪ ነው። የቦሌ ማረፊያ ሜዳ ስለሆነ አወራረዱም ለሜዳ የቀረበ መሆን አለበት። አለበለዚያ አውሮፕላኑ ይሰበራል።

በአየር ሄዶ በእግሩ የሚያርፍ ሰውም አለ። እንዴት ይተርፋል? እንመልከት።

የእኛ አገር በረዶ እንደ ጠጠር ነው። በኖርዌይ፣ በስሎቬንያና በጃፓን ግን በብርዱ ወራት እንደ ዱቄት የላመ በረዶ ምድሩን ይሸፍናል። ሰዎቹ ስኪ የሚባል ረጅምና ጠባብ ጣውላ መሰል ነገር በእግራቸው አስረው ይንሸራተቱበታል።

ለዝላይ የሚሠራው ኮረብታ ሦስት ክፍል አለው። ከላይ መንደርደሪያው ነው። ዘላዩ በትልልቆቹ ኮረብታዎች ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ይወርድበታል። ቀጥሎ መዝለያው ጫፍ ይመጣል። ከዚያ በታች 35 ዲግሪ ያህል የሚያዘቀዝቅ ማረፊያ አለ።

ምስጢሩ ያለው ማረፊያው ላይ ነው። ከግንብ ላይ ወደ ሜዳ የዘለለ ሰው ጉልበቱ ይጎዳል። ቁልቁለት ላይ እየሮጠ የዘለለ ግን ሩጫውን ይቀጥላል። መሬቱ ከእሱ ጋር አብሮ ስለሚወርድ አይመታውም። የስኪ ዘላዩም እንዲሁ ነው። ቁልቁለቱን አልፎ ሜዳው ላይ ቢወድቅ ግን ይሰበራል። ስለዚህ ዳኞች ነፋሱንና ፍጥነቱን ይለካሉ። ዝላዩ በጣም ከረዘመ የመነሻውን ቦታ ዝቅ ያደርጉታል። ነፋሱ ከበረታም ውድድሩን ያቆማሉ።

ሠራዊታችን በማይጨው በተዋጋበት ወር፣ በመጋቢት 1928 ዓ.ም.፣ ሴፕ ብራድል የተባለ ኦስትሪያዊ ወጣት በስሎቬንያ፣ በፕላኒጻ ከ100 ሜትር በላይ ዘለለ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ፕላኒጻ ዶመን ፕሬቭጽ 254 ሜትር ተኩል ዘለለ። ይህ ከሁለት የኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። የሰው እግር በእጥፍ አልጠነከረም። ኮረብታው በስሌት እየሰፋ፣ ዘዴውም እየተሻሻለ ስለሄደ ነው።

በረዶ የሌለበት አገር ልጅም ስኪ ይማራል። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። በየካቲት 1998 ዓ.ም. ጣሊያን፣ ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የተወዳደረው በዝላይ ሳይሆን በ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ሩጫ ነው።

እንግዲህ ሰውን የሚጎዳው ከፍታ ብቻ አይደለም፤ ሳይለኩ መዝለል ነው። ቁጥር የሚያውቅ ሰው ገደሉን መንገድ ያደርገዋል።

ጥያቄዎች
1. አውሮፕላን ለምን ቀስ እያለ ይወርዳል?
2. የዝላዩ ማረፊያ ሜዳ ቢሆን ዘላዩ ምን ይሆናል?
3. በአካባቢያችሁ ሳይለኩ ቢሠሩት የሚጎዳ ምን ሥራ አለ? ተወያዩበት።