ስለ ብር መበየጃ እሳት አመራረጥና አጠቃቀም

ስለ ታሪክ፣ ስለ ጤናና ስለ ስፖርት የሚጽፉ ጓደኞቼ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ እኔ በቤታችን በየቀኑ ስለማየው ሥራ ጥቂት ለማስረዳት ተነሥቻለሁ። ይኸውም የብር ጌጥ ስለሚበየድበት እሳት ነው። አባቴ በጉለሌ፣ በቀጨኔ ሠፈር የሚኖር አንጥረኛ ነው። ይህንን ለክፍል ጓደኞቼ ስገልጽ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው፤ ምክንያቱን በመጨረሻ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ መበየድ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። መበየድ ማለት ሁለት የብር ክፍሎችን፣ ራሳቸውን ሳያቀልጡ፣ ከእነርሱ ቀድሞ በሚቀልጥ ሌላ ብር ማያያዝ ነው። ይህ ቀድሞ የሚቀልጠው መበየጃ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ከብር፣ ከመዳብና ከዚንክ ተቀላቅሎ ይሠራል። ንጹሕ ብር በ962 ዲግሪ፣ ንጹሕ መዳብ ደግሞ በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የሚያስደንቀው ግን ሁለቱ በተቀላቀሉ ጊዜ ከሁለቱም ዝቅ ብሎ፣ በ780 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ መጀመራቸው ነው።

በአገራችን ካሉት የቆዩ መስቀሎች፣ አምባሮችና ድሪዎች ብዙዎቹ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ቀልጦ የተሠሩ ናቸው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። እንግዲህ ከጠገራ የተሠራ ጌጥ በ780 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ይጀምራል ማለት ነው። በ720 ዲግሪ በሚፈስ መበየጃ ብንሠራ፣ በመልካም ሥራና በጥፋት መካከል ያለው ርቀት 60 ዲግሪ ብቻ ነው። የእሳት አመራረጥ ትልቅ ነገር የሆነውም ስለዚህ ነው።

የጥንት አንጥረኞች ይህን ያደርጉ የነበረው በከሰል፣ በወናፍና በአፍ በሚነፋ ቧንቧ ነው። በግብፅ አገር በሳቃራ፣ ከ4000 ዓመታት በፊት በተሠራ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ሠራተኞች በረጅም ቧንቧ እሳት እየነፉ ብረታ ብረት ሲያቀልጡ ተቀርጸው ይታያሉ። ዛሬ ግን ብዙዎች በጋዝ የሚሠራውን የእሳት መንፊያ ይጠቀማሉ፤ ቶርች የሚሉትም አሉ።

መንፊያው እንደ ሥራው መጠን ይመረጣል። ለጉትቻ፣ ለቀለበትና ለቀጭን የሽቦ ሥራ በእጅ የሚያዝ ትንሽ የቡቴን መንፊያ ይበቃል። ለትልቅ መስቀልና ለወፍራም አምባር ግን ከቡታጋዝ ሲሊንደር በጎማ የሚገናኝ፣ አፉ ሰፋ ያለ መንፊያ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብር ከብረታ ብረት ሁሉ የበለጠ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ፣ አንዱን ጫፍ ስናሞቀው ሙቀቱ ወደ ሌላው ይሸሻል። በኦክሲጅንና በአሴቲሊን የሚነደው የብረት በያጆች እሳት ከ3000 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ለቀጭን ብር አይመከርም። ከዚህ የምንረዳው የተሻለው እሳት ኀይለኛው ሳይሆን ለሥራው የሚመጥነው መሆኑን ነው።

ለእኛ ለጉለሌ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሠፈራችን በእንጦጦ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ክብደቱ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ለቆላ አገር የተሠራ መንፊያ እዚህ አየር ሊያንሰውና ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ጥቀርሻ ሊያወጣ ይችላል። መንፊያ ስንገዛ የአየር ቀዳዳው የሚከፈትና የሚዘጋ መሆኑን ማየት ይገባናል።

ይህን ሁሉ የተማርሁት በጥፋት ነው። አንዲት እናት ከእናታቸው የወረሱትን የአንገት መስቀል ማንጠልጠያው ተሰብሮ አመጡ። አባቴ ወጥቶ ነበርና እኔ ቶሎ ጨርሼ ላስደስተው ብዬ ለማቅለጫ የምንጠቀምበትን ትልቁን መንፊያ አነሣሁ፤ ነበልባሉንም በተሰበረው ቦታ ላይ ብቻ አነጣጠርሁ። መበየጃው ሳይፈስ የመስቀሉ አንዱ ጠርዝ እንደ ሰም ቀለጠ። አባቴ ሲመለስ አልተቈጣኝም። «እሳቱን አይተሃል፤ ብሩን ግን አላየህም» አለኝ። ቀጥሎም በመዳብ ሽቦ 20 ቀለበት አስበየደኝ። ያስተማረኝም ሥርዓት የሚከተለው ነው።

1ኛ/ የሚገናኙት ጠርዞች ይጸዱ፤ ብርሃን እስከማያሳልፉ ድረስም ይግጠሙ። መበየጃ ክፍተት አይሞላም።

2ኛ/ በውሃ የተለወሰ ቦራክስ ይቀባ። ይህ አየር ብሩን እንዳያጠቁረው ይከላከላል።

3ኛ/ ነበልባሉ ለስላሳ ይሁን። በጣም የሚጮኽና የሾለ ነበልባል አየር የበዛበት ስለ ሆነ ብሩን ያጠቁራል። ከሁሉ የሚሞቀው ቦታ ከውስጠኛው ሰማያዊ ሾጣጣ ጫፍ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው።

4ኛ/ መጀመሪያ ወፍራሙ ክፍል ይሙቅ፤ ነበልባሉም ሳያቋርጥ ይዘዋወር። ቦራክሱ ነጭ ሆኖ ያብጣል፤ ቀጥሎ ይረጋል፤ በመጨረሻም እንደ መስታወት ይጠራል። ያን ጊዜ መበየጃው ሊፈስ ቀርቧል። ሥራው ጥላ ባለበት ቦታ ቢሆን የብሩ ደብዛዛ ቅላት በደንብ ይታያል።

5ኛ/ መበየጃውን የሚያቀልጠው የብሩ ሙቀት እንጂ ነበልባሉ መሆን የለበትም። መበየጃ ሙቀት ወዳለበት ይሮጣል፤ በመገጣጠሚያው ላይ እንደ ብልጭታ ሲያልፍ እሳቱን ወዲያውኑ ማንሣት ነው።

6ኛ/ ከበረደ በኋላ ጥቁረቱ እንዲለቅ ለብ ባለ የሎሚ አሲድ ውስጥ ይቀመጥ። የብረት ጉጠት ግን አይግባበት፤ ብሩን በመዳብ ቀለም ያለብሰዋልና።

ስለ ጥንቃቄም ጥቂት ልጨምር። የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያመልጥ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ መስኮት ብቻ ሳይሆን በርም ይከፈት። ጎማው ማፍሰስ አለማፍሰሱ በሳሙና አረፋ ይመርመር እንጂ በክብሪት አይሁን። ካድሚየም ያለበት መበየጃም አይገዛ፤ ጢሱ ሳንባንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ባለ መስቀሏ እናት በተመለሱ ጊዜ ጥፋቱን እንድነግራቸው አባቴ እኔኑ አዘዘኝ። ነገርኋቸው። መስቀሉን በእጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም «የሚጠግነው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። «እኔ ነኝ፣ እማማ» አልሁ። «በል እንግዲያ፤ አሁን ግን ቀስ ብለህ» አሉኝ። ማንጠልጠያው በመልካም ተበየደ፤ የቀለጠው ጠርዝ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ዛሬም በአንገታቸው ላይ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ ወደዚያ ይሄዳል።

አሁን ቃሌን ልፈጽም። የአባቴን ሥራ ደብቄ የኖርሁት የአንጥረኛ ልጅ «ቡዳ» ሲባል በልጅነቴ ስለ ሰማሁ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ኖረ። ሰዎች እሳቱን ከሩቅ ስለሚያዩት ሌላ ምስጢር ይመስላቸዋል። ምስጢሩ ከላይ የዘረዘርሁት ነው፤ 60 ዲግሪ፣ አየርና ትዕግሥት። ማየት የሚፈልግ ጓደኛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታችን ቢመጣ፣ አባቴ መቀመጫ አያጣለትም።